ደጅ ከመጥናት ደጅ ማንኳኳት

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት የወጣው ሹመትም እንጀራም ከመኳንንት ደጅ ይገኝ በነበረበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ከጌታው አጥር ሥር ቆሞ ወራትና ዓመታት ደጅ ይጠና ነበር፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፥ ሲገባ እጅ ይነሣል፥ ዓይን እስኪጥልበት ድረስ ይጠብቃል። ተረቱ ለዚያ ደጅ ጠኚ የተሰጠ ምክር ይመስለኛል፤ ቆመህ መታየትህ ብቻ አይበቃም፥ አፍህን ከፍተህ የምትፈልገውን ተናገር ሲለው ነው።

የደጃዝማችነት ማዕረግ ከቀረ ቆይቷል፤ ደጅ ጥናት ግን መልኩን ለውጦ ከእኛው ጋር ይኖራል። ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ማስታወቂያ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ሥር ቆሞ ሲውል፥ ስልኩን ከፍቶ በቴሌግራም «ክፍት የሥራ ቦታ» የሚል ጽሑፍ ሲጠባበቅ ሲያመሽ፥ ወይም «አጎትህ አንድ ነገር ያደርግልሃል» ተብሎ አጎቱን ሁለት ዓመት ሲጠብቅ፥ ይህ ደጅ ጥናት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ሥራ ፈላጊ ደጅ ከሚጠና ደጅ ያንኳኳ፤ ይኸውም አሠሪውን ራሱን፥ ከሥራው ቦታ ድረስ ሄዶ፥ ፊት ለፊት ያነጋግር ማለቴ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ ይህ ነገር ገና የማይመለከተን የሚመስለው ይኖራል። ቁጥሩን ግን እንመልከት። በ2015 ዓ.ም. በመላው አገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ጥቂት ተሻሽሎ ከመቶ 5.4 ሆነ። ይህን 60 ተማሪ ባለበት አንድ ክፍል ብናሰላው ሁለት ወይም ሦስት ልጅ ማለት ነው። በማካካሻ ትምህርት አልፈው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ እንዳሉ አልዘነጋሁም፤ ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሚሄዱም ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ከእኛ መካከል የሚበዛው ቁጥር ከዚህ ግቢ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ሥራ መፈለጉ የማይቀር ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ወደዚያው መንገድ ይመጣል። ስለዚህ ፈተናን እንደምናጠና ሁሉ ሥራ አፈላለግንም ልናጠና ይገባናል።

ወላጆቻችን ማስታወቂያንና ዘመድን መጠበቅ የለመዱት ያለ ምክንያት አይደለም። በእነርሱና በአያቶቻችን ዘመን የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ሥራው ራሱ ሰውን ይፈልገው ነበር። በ1954 ዓ.ም. የማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ የመንግሥት ሠራተኛ አቀጣጠር በአንድ ሥርዓት እንዲመራ ተደረገ። በደርግ ዘመን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ሥራ ሳይለምን በመንግሥት ይመደብ ነበር፤ ዲፕሎማውን ተቀብሎ የምደባ ደብዳቤውን መጠበቅ ብቻ ነበር የሚቀረው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ያ ምደባ ቀረ። የተማረውም ሰው በዛ። በከተማችን በነቀምቴ እንኳ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስንት ሺህ ተመራቂ እንደ ወጣ ማሰብ ነው። ዘመኑ ተለውጦ ሳለ የአፈላለጉ ዘዴ የቀድሞው እንደ ሆነ ቀርቷል።

ማስታወቂያ ከንቱ ነው አልልም። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል፤ በእርሱና በሪፖርተር ጋዜጣ በሚወጣው ማስታወቂያ ስንት ሰው እንጀራ አግኝቷል። የማስታወቂያው ጉድለት ሌላ ነው። አንደኛ፥ አንድ ቦታ ሲወጣ ሺህ ሰው ያነበዋል። ሁለተኛ፥ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚለው ቃል አዲሱን ልጅ ከበሩ ይመልሰዋል። ሦስተኛውና ዋናው ግን በእኛ ከተሞች ከሚገኘው ሥራ የሚበዛው ፈጽሞ ማስታወቂያ የማይወጣለት መሆኑ ነው። በነቀምቴ ያለ ጋራዥ ረዳት ሲፈልግ ጋዜጣ ላይ ያሳትማልን? በጊምቢ የቡና መፈልፈያ፥ በሻምቡ የእህል ወፍጮ፥ በነጆ የልብስ ስፌት፥ በመንዲ ሆቴል፥ በደምቢ ዶሎ መድኃኒት ቤት ያላቸው ሰዎች ሠራተኛ ሲጎድልባቸው ለጎረቤት ይናገራሉ፥ ወይም በዚያ ሳምንት ከበራቸው የደረሰውን ሰው ይቀጥራሉ። በዚያ ሳምንት ከበሩ ያልደረሰ ሰው ቦታው መኖሩንም ሳያውቅ ይቀራል።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ኒውተን በምትባል በቦስተን አጠገብ ባለች ከተማ የሚኖሩ 282 ሠራተኞች ሥራቸውን በምን መንገድ እንዳገኙ መርምረው በ1974 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከመቶ 56 የሚሆኑት በሚያውቁት ሰው አማካይነት፥ ከመቶ 19 የሚጠጉት በማስታወቂያና በቀጣሪ ድርጅቶች በኩል፥ ሌሎች ከመቶ 19 የሚጠጉት ደግሞ ራሳቸው በቀጥታ ሄደው ወይም ጽፈው አመልክተው ነበር ሥራ ያገኙት። እንግዲህ ጋዜጣ በሞላበት አገር እንኳ በራስ እግር መሄድ ከማስታወቂያው እኩል እንጀራ አብልቷል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ሰውዬው ያስተዋሉት ነገር አለ፤ ሥራውን የጠቆሙት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ዘመዶች አልነበሩም፥ አልፎ አልፎ የሚገናኙ የሩቅ ዐዋቂዎች እንጂ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዘመዴ የሚያውቀውን እኔም ዐውቀዋለሁ፥ የሩቁ ሰው ግን እኔ ያልሰማሁትን ሰምቷል። ዘመድ የሌለው ልጅ ዕውቂያ የሚያገኘውም በማንኳኳት ነው። ዛሬ «ቦታ የለም» ያለው ባለ ጋራዥ ነገ ከሌላ ባለ ጋራዥ ጋር ቡና ሲጠጣ «አንድ ትጉህ ልጅ መጥቶብኝ ነበር» ሊል ይችላል።

ከአገራችንም ምስክር አለ። ግሩም አበበ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ ሙከራ አድርገው ውጤቱን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ለአንዳንዶቹ ወደ መሐል ከተማ ሄደው ማስታወቂያ የሚያነቡበት የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ደግሞ ችሎታቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፥ ማመልከቻ አጻጻፍና ከአሠሪ ጋር አነጋገርም ተማሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ገቢያቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ራሳቸውን ማስረዳት የተማሩት ናቸው፤ የመጓጓዣው ገንዘብ ጥቅም ግን እስከዚያ አልዘለቀም። ከዚህ የምንማረው እግርና አፍ አብረው መሄድ እንዳለባቸው ነው። ብዙ በር መዞር ብቻውን አይበቃም፤ በሩ ሲከፈት «እኔ ይህን ዐውቃለሁ፥ ይህን እችላለሁ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አደራረጉ እንግባ። የመጀመሪያው ነገር ጊዜን ማወቅ ነው። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» በሚል ስም ይሸጣል፤ ስሙም ከከተማችን ከነቀምቴ የተገኘ ነው። ዋናው የለቀማ ወራት ከጥቅምት ጀምሮ ስለ ሆነ መፈልፈያና መጋዘን ያላቸው ሰዎች ሚዛን የሚይዝ፥ መዝገብ የሚጽፍ፥ ቡና የሚለቅም ሰው የሚያስቡት በመስከረም ነው፤ በየካቲት የሄደ ሰው ከጊዜው ዘግይቷል። የግል ትምህርት ቤቶች ሠራተኛ የሚፈልጉት ከመስከረም በፊት ነው። የሕንፃ ሥራ የሚደራው ዝናም ሲያባራ ነው። በሆሮ ጉዱሩ የሚገኘው የፊንጫአ ስኳር ፋብሪካ አገዳ የሚፈጨው በበጋ ሲሆን ክረምቱ የጥገና ጊዜ ነው፤ በዚያ አካባቢ ዕቃ የሚያቀርቡና ሥራ የሚኮናተሩ ሰዎችም በዚሁ ወቅት ይመራሉ። ገበሬ ዘር የሚዘራው ወራቱን ዐውቆ እንደ ሆነ ሥራ ፈላጊም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቦታውንና ሰውየውን ማወቅ ነው። ከመሄዳችን በፊት የሥራው ባለቤት ማን እንደ ሆነ፥ የሚቀጥረው ባለቤቱ ይሁን ሥራ አስኪያጁ፥ ምን እንደሚሠራበት እንጠይቅ። ከሰዓቱም እንጠንቀቅ፤ ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት፥ መድኃኒት ቤት ሕመምተኛ በተሰለፈበት ጊዜ፥ ሱቅ በገበያ ቀን አይገባም። በማለዳ ወይም ሥራ ሲቀዘቅዝ ሄዶ በትሕትና ሰላምታ መስጠት ነው። በከተማችን ሽማግሌውን ነጋዴ «ኦቦ» ብሎ ጠርቶ «አካም ቡልተኒ» ያለ ልጅ ንግግሩን ከግማሽ እንደ ጀመረ ይቆጠራል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መጻፍና መናገር የሚችል ልጅ ይህን ከችሎታዎቹ አንዱ አድርጎ ይናገረው፤ ከሁለቱም ዓይነት ደንበኛ ጋር ለሚሠራ ነጋዴ ታላቅ ጥቅም ነውና።

ሦስተኛው የምንናገረው ነገር ነው። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለው ንግግር ትሕትና ይመስላል፤ ለአሠሪው ግን ምንም አይነግረውም። ባለ ሱቁ የሚፈልገው ማንኛውንም የሚሠራ ሰው ሳይሆን የዱቤ መዝገቡን የሚያስተካክልለት ሰው ነው። ስለዚህ የእርሱን ችግር አስቦ ከዚያ መነሣት ይሻላል። አጭር ማመልከቻም በእጅ ይዞ መሄድ መልካም ነው፤ አሠሪው በዚያ ቀን ባይኖር እንኳ ወረቀቱ ይጠብቀዋል። አጻጻፉም እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

«ለኦቦ እገሌ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ሒሳብ በጥሩ ነጥብ አልፌአለሁ፤ በኮምፒዩተር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እጽፋለሁ፤ የቤተሰቤን ሱቅ ሂሳብ ለሁለት ዓመት ይዣለሁ። በመደብርዎ የዕቃ መግቢያና መውጫ የሚመዘግብ ሰው ቢያስፈልግዎ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ስለ ጠባዬ የሚመሰክሩ መምህር ስማቸው ከዚህ በታች ተጽፏል።»

ይህ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ ነገር ግን ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚችል፥ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራና ማን እንደሚመሰክርለት ተናግሯል። የጻፍነው ሁሉ እውነት መሆን አለበት፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ውሸት ከአንድ ሳምንት በላይ አይደበቅም። «የለም» ቢባልም አመስግኖ፥ «በሌላ ጊዜ ልመለስን?» ብሎ ጠይቆ መውጣት ነው። የት እንደ ሄድን፥ ማንን እንዳነጋገርንና መቼ ተመለሱ እንደ ተባልን በደብተር እንጻፍ። በተባለው ቀን የተመለሰ ልጅ ቀጠሮ አክባሪነቱን ያለ ምስክር አስመሰከረ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥብቅ መታወቅ አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍት ቦታ በማስታወቂያ ወጥቶ በውድድር የሚሞላ ነው። እዚያ ከኃላፊው ቢሮ ገብቶ «እኔን ቅጠሩኝ» ማለት ምልጃ ይሆናል፤ ምልጃም የሌላውን ልጅ ዕድል መንጠቅ ነው። በእንዲህ ያለው ቦታ የሚገባን ማስታወቂያው መቼና የት እንደሚወጣ መጠየቅና በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ብቻ ነው። የግል ባለሥራ ግን በገዛ ገንዘቡ የሚቀጥር ስለ ሆነ ራስን ለእርሱ ማቅረብ የተፈቀደና የተከበረ ነገር ነው።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች ዐውቃለሁ። ዋነኛው ይሉኝታ ነው። «የእገሌ ልጅ ከደጅ ደጅ ሲለምን አየነው ይባላል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ለማኝ የሚባለው ምንም ሳይሰጥ የሚጠይቅ ነው፤ ሥራ ጠያቂ ግን ጉልበቱንና ዕውቀቱን ይዞ ለገበያ የቀረበ ሰው ነው። ገበሬ ጤፉን ተሸክሞ ነቀምቴ ገበያ ሲወጣ ለማኝ ያለው የለም። ይልቁን የሚያሳፍረው አካለ ጤናማ ልጅ ዓመት ሙሉ ከአባቱ ኪስ የካርድ ገንዘብ ሲጠይቅ መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ ይኸውም የደኅንነት ጉዳይ ነው። ወለጋ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ መታወክ ብዙ እንደ ተጎዳች፥ መንገድ የተዘጋበትና ሥራ የቆመበት ጊዜ እንደ ነበረ ለአንባቢ አይነገርም። በተለይ ሴት ልጅ ወደማታውቀው ቦታ ብቻዋን ሂጂ ማለት አይገባም። ስለዚህ በቀን፥ ሌሎች ሠራተኞች ባሉበት ቦታ፥ ቢቻል ሁለት ሆኖ፥ ለቤተ ሰብም የሚሄዱበትን ተናግሮ መሄድ ያሻል። ወደ ሩቅ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር እልክሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከተገኘ ከእርሱ መሸሽ ነው። ዋናውን የምስክር ወረቀትም ለማንም ማስረከብ አይገባም፤ ግልባጩ ይበቃል።

ሦስተኛው «በአፍ የተቀጠረ ሰው ይበደላል» የሚለው ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሕጉን ማወቅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቃል ውልንም ውል ይለዋል፤ አሠሪው ግን በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜ ካለ በጽሑፍ መሆን አለበት፥ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜም ሠራተኛው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መብት አለው። እንግዲህ «ለሦስት ወር በነጻ ሥራና እንይህ» የሚል ቢገኝ ትክክል አይደለም። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፥ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ሥራ ይዘው ሳለ የተሻለ ሥራ የሚፈልጉ ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ይህንኑ የማንኳኳት መንገድ ቢከተሉ ይበጃቸዋል፤ ነገር ግን አዲሱ እስኪረጋገጥ አሮጌውን አይልቀቁ፥ ሲለቁም ሕጉ እንደሚያዝዘው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በክፉ ስንብት የወጣ ሰው በትንሽ ከተማ ውስጥ ስሙ ይቀድመዋል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። ማመልከቻ መጻፍ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ እንማራለን፤ ለሌለ ሰው ከምንጽፍ በከተማችን ላለ እውነተኛ ባለሥራ ጽፈን፥ በእግራችን ወስደን፥ ያገኘነውን መልስ ለክፍሉ ብንናገር ትምህርቱ እጥፍ ይሆናል። የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች «የትብብር ሥልጠና» በሚሉት ዘዴ ሠልጣኙን ወደ ሥራ ቦታ ይልካሉ፤ እኛም የክረምቱን ሁለት ወር እንዲሁ ልንጠቀምበት እንችላለን። ለወላጆቻችንም እንዲህ እላለሁ፤ ልጃችሁን «ማስታወቂያ ወጣ ወይ?» ብላችሁ ከምትጠይቁ «ዛሬ ማንን አነጋገርህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ባለሥራዎች የሆናችሁ ወላጆች ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለባችሁ። ከበራችሁ የመጣውን ልጅ «ነገ ና» እያላችሁ አታመላልሱት፤ ቦታ ከሌለ የለም ማለት ቸርነት ነው። ስሙን መዝግቡ፤ ሰው ሲጎድልባችሁ ከዘመዳችሁ ልጅ አስቀድማችሁ ያን መዝገብ ተመልከቱ። በራሱ እግር የመጣ ልጅ ግማሹን ፈተና አልፎ ነው የመጣው፤ ማንም ሳይገፋው ተነሥቶ የመጣ ሰው ሥራም ላይ ማንም ሳይገፋው ይሠራል።

ማንኳኳት ሁልጊዜ በር ያስከፍታል ብዬ አላታልልም። ዐሥር በር ተንኳኩቶ ዐሥሩም ሊዘጋ ይችላል፤ ሥራ ራሱ ባነሰበት ዓመት ደግሞ የሚዘጋው ይበዛል። ነገር ግን ደጅ ጠኚው ዓመቱ ሲያልቅ በእጁ የሚቀረው የለም፤ ያንኳኳው ግን ዐሥር አሠሪ ዐውቋል፥ ዐሥር የሥራ ቦታ አይቷል፥ የትኛው ችሎታ እንደሚፈለግና የትኛው እንደሚጎድለው ተረድቷል። ለዐሥራ አንደኛው በር የሚሄደው በመጀመሪያው ቀን እንደ ነበረው ሆኖ አይደለም። ስለዚህ የዘንድሮ ተፈታኞች፥ ፈተናው ባለቀ ማግስት ሌላው ሰሌዳ ሥር ሲሰለፍ እናንተ የአምስት ባለሥራዎችን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።